ሁሉም ነገር በእኔ በኩል ሲያልፍ፦ የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የመጡት ከአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ነው። ግማሾቹ «ሠራተኞቼ የሥራ ፍላጎት የላቸውም» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «እኔ ራሴ ልፈነዳ ነው»። ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናነባቸው ብዙዎቹ አንድ ቋጠሮ ሆነው አገኘናቸው። ውሳኔው ሁሉ በባለቤቱ እጅ ካላለፈ አይንቀሳቀስም። ባለቤቱ ይዝላል፣ ሠራተኛው መጠበቅ ይለምዳል፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል።

ጥያቄ፦ 7 ሠራተኞች ያሉት ማተሚያ ቤት አለኝ። ከ4 ወር በፊት የሁሉንም ደመወዝ 20 በመቶ ጨመርኩ። ለአንድ ወር ያህል መንፈሱ ጥሩ ነበር፤ አሁን ተመልሰን እዚያው ነን። ሥራ ይበላሻል፣ «ማን ነው ያበላሸው?» ስል አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። ገንዘቤን ሜዳ ላይ በተንኩት?

መልስ፦ አልበተኑትም፤ ደመወዝ የማይሠራውን ሥራ እንዲሠራልዎ ግን ጠብቀዋል። ፍሬደሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት 200 ገደማ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ሥራቸውን የወደዱበትንና የጠሉበትን ወቅት እንዲተርኩ ጠይቀው ነበር። ሰዎቹን ያስከፋቸውና ያነሣሣቸው ነገር የተለያየ ሆኖ ተገኘ። የሚያስከፋው የደመወዝ ጉዳይ፣ የአለቃ ጠባይ፣ የሥራ ቦታው ሁኔታ ነው። የሚያነሣሣው ደግሞ አንድን ሥራ ከዳር ማድረስ፣ ላደረጉት መታወቅ፣ ኃላፊነት ማግኘት ነው። በጥናቱ ላይ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን ልዩነቱ ይጠቅማል። ጭማሪ ቅሬታን ያስወግዳል። ቅሬታው የተወገደለት ሰው ግን በዚያው ትጉ ይሆናል ማለት አይደለም።

ጭማሪውን ከማማረርዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። ደመወዝ ሁልጊዜ በተባለው ቀን ይከፈላል? አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች የተለያየ ይከፈላቸዋል? (ከሆነ እንደሚያውቁት ይቁጠሩ፤ ደመወዝ ምስጢር ሆኖ አያድርም።) ቀጣዩ ጭማሪ በምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሠራተኛስ አለ? ለሁሉም እኩል 20 በመቶ ሲጨመር ጎበዙም ቸልተኛውም የሚማሩት ነገር አንድ ነው፤ ጭማሪና ሥራ አይገናኙም።

ወደ ዋናው እንምጣ። «ማን አበላሸው?» መልስ የሚያጣው ሥራው ባለቤት ስለሌለው ነው። አንዱ ዲዛይን ያደርጋል፣ ሌላው ያትማል፣ ሦስተኛው ይቆርጣል፣ አራተኛው ይጠርዛል። ስህተት የሚገባው ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው፤ ያንን መተላለፊያ የሚጠብቅ ሰው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከቅበላ እስከ ርክክብ በአንድ ሰው ስም ያድርጉት። ሁሉንም በእጁ ይሥራው ማለታችን አይደለም፤ ይከታተለው ማለታችን ነው። የሥራ ካርድ ያዘጋጁ፦ ብዛት፣ የወረቀቱ ዓይነትና ክብደት (ለምሳሌ 150 ግራም)፣ ከተቆረጠ በኋላ የሚኖረው መጠን፣ የቀለም ብዛት፣ የጥረዛው ዓይነት፣ የርክክብ ቀን፤ ከሁሉም በላይ በትልቁ የተከታታዩ ስም። ናሙናውን ለደንበኛው አሳይቶ የሚያስፈርም እሱ ነው። የሚያስረክብም እሱ ነው። ቅሬታ ቢመጣ ስልኩ የሚሰጠው ለእሱ ነው፤ ደንበኛው ቢያመሰግንም እንዲሁ።

ይህ አሠራር የሚከሽፍበት ቦታ አንድና የታወቀ ነው፦ ኃላፊነት ተሰጥቶ ሥልጣን ሲቀር። 500 ብሮሹር ታትሞ 12ቱ ቀለም ተለቅልቆባቸው ተገኙ እንበል። ተከታታዩ ደግሞ ለማተም ይፈልጋል፤ የወረቀት ክፍሉ ቁልፍ ግን እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው፣ እርስዎም የሉም። አማራጩ የተበላሹትን ከመሐል ሸጉጦ ማስረከብ ብቻ ይሆናል። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ እስከ 5 በመቶ ትርፍ ወረቀት ሳይጠይቅ ማውጣት እንዲችል ይፍቀዱ፤ ያወጣውን ብዛትና ምክንያቱን ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ካርዶቹን ገልብጠው ያንብቡ። ብልሽቱ ሁሉ መቁረጫው ላይ ከተከማቸ ጥፋተኛው የደነዘዘ ምላጭ ሊሆን ይችላል። በሰባቱም ላይ በአንድ ቀን አይጀምሩት፤ ሁለት ሰው መርጠው 3 ሳምንት ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ሁለት የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቆች አሉኝ። በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ይደወልልኛል። «ይሄን በስንት ልስጠው?» «መልሶ አምጥቶታል፣ ልቀበል?» ስልኬን ባጠፋ ሥራ ይቆማል። ኃላፊነት የሚሰማቸው ሰዎች እንዴት ነው የማደርጋቸው?

መልስ፦ ስልኩን ገና አያጥፉት፤ መጀመሪያ ይቁጠሩት። ለ5 የሥራ ቀናት ትንሽ ደብተር ይያዙና ጥያቄ በመጣ ቁጥር ማን እንደጠየቀ፣ ምን እንደጠየቀና ምን እንደመለሱ በአጭሩ ይጻፉ። በስድስተኛው ቀን ሲያነቡት ጥያቄዎቹ በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኞቹ ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ የሆነ ናቸው። እነዚህን ያልተጻፈ ደንብ ብንላቸው ይሻላል። በአንድ ገጽ ጽፈው ከካሸሩ አጠገብ ይለጥፏቸው፦ «ደረሰኝ ካለው፣ ማሸጊያው ካልተከፈተ፣ 7 ቀን ካላለፈው ይመለሳል። የተቆረጠ ቧንቧና የተቀላቀለ ቀለም አይመለስም።» ገጹ ሁለት ከሆነ ማንም አያነበውም።

ሁለተኞቹ መልሳቸው በመጠን የሚወሰን ነው፤ በተለይ ቅናሽ። ለእነዚህ ገደብ ያብጁ፤ ለምሳሌ ሻጩ እስከ 3 በመቶ፣ የሱቁ ኃላፊ እስከ 7 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እርስዎ። ቁጥሩን ከራስዎ አያፍልቁት፤ ከደብተሩ ያውጡት። ባለፈው ሳምንት ከተጠየቁት 10 ቅናሽ 8ቱን «እሺ» ያሉበት መጠን የትኛው ነው? ያ መጠን የሻጩ ይሁን። አስቀድመውም ቢሆን «እሺ» የሚሉት ነገር ላይ ስልክ ማስደወል ትርፉ ደንበኛውን ማስቆም ነው።

ሦስተኞቹ በእውነት የእርስዎ ናቸው፦ አዲስ የዱቤ ደንበኛ፣ ሰው መቅጠርና ማሰናበት፣ ከፍ ያለ ግዢ። ቁጥራቸው ከገመቱት ማነሱ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ የንግግር ልማድ ይቀራል። ዊልያም ኦንከንና ዶናልድ ዋስ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን በዝንጀሮ መስለው ጽፈውታል። ሠራተኛው ችግሩን እንደ ዝንጀሮ በትከሻው አዝሎ ይመጣል፤ አለቃው «እስቲ ላስብበት» ባለ ቅጽበት ዝንጀሮው ዘሎ ከአለቃው ትከሻ ላይ ይወጣል። ማታ 12 ዝንጀሮ ተሸክመው ቤትዎ የሚገቡት እንዲህ ነው። ስለዚህ «ላስብበት» የምትለውን ቃል ይተዋት። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ይበሉ። የመጀመሪያው ሳምንት መልስ «እንጃ» ነው፤ ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉ። «እንግዲያው እስከ ነገ ጠዋት ሁለት አማራጭ ይዘህ ና፤ አንተ የትኛውን እንደምትመርጥም ንገረኝ» ብለው ይለያዩ።

ሁለት ቁርጥ ያለ የጥያቄ ጊዜም ይመድቡ፦ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት 15 ደቂቃ፣ ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ። ከዚያ ውጭ የሚደወለው ሰው ከተጎዳ፣ እሳት ወይም የኤሌክትሪክ አደጋ ካለ፣ ገንዘብ ከጎደለ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥሪው ላይቀንስ ይችላል፤ ሰዎቹ የምርዎን መሆኑን እየፈተኑ ነው። መልስዎ አንድ ይሁን፦ «ገጹ ምን ይላል?»

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያፈርስ ስህተት አለ። ሻጩ በገደቡ 3 በመቶ ቀንሶ፣ ደንበኛው ለእርስዎ ደውሎ 6 በመቶ ቢያደርጉለት፣ ያ ደንበኛ ዳግመኛ ሻጩን አያናግርም፤ ሻጩም ዳግመኛ አይወስንም። በገደቡ ውስጥ የወሰነውን ያጽኑለት። ቅር ያሰኘዎ ነገር ካለ በኋላ ለብቻው ይንገሩት፦ «በገደብህ ነው የቀነስከው፣ ትክክል ነህ። ይህ ደንበኛ ግን ሁለቴ ክፍያ አዘግይቷል፤ ለሚቀጥለው እሱን አብረህ እይ።»

ጥያቄ፦ ሽያጭ እንዲነቃቃ ብዬ ከሽያጭ ላይ 10 በመቶ ኮሚሽን ጀመርኩ። ሽያጩ ጨመረ። ካዝናዬ ውስጥ ግን ያለው ከበፊቱ ያነሰ ነው። ሠራተኞቼ ያጭበረብሩኛል ብዬ እንዳልጠረጥር ደረሰኙ ሁሉ ንጹሕ ነው።

መልስ፦ ማንም አላጭበረበረም። የከፈሉበትን ነው ያገኙት። ስሌቱ እንዲህ ነው። በ1,000 የሚሸጥ ዕቃ በ750 ገዝተዋል እንበል፤ ጥቅል ትርፉ 250 ነው። ሻጩ ቶሎ ለመሸጥ 10 በመቶ ቢቀንስ በ900 ይሄዳል፤ ትርፉ 150 ይሆናል። ሽያጩ የቀነሰው በ10 በመቶ ነው፣ የእርስዎ ትርፍ ግን በ40 በመቶ። የሻጩ ኮሚሽን ከ100 ወደ 90 ወረደ፤ አሥር ብቻ ነው ያጣው፤ በቅናሹም ሁለት ዕቃ ሊሸጥ ይችላል። እርስዎስ? ከ150 ላይ 90 ኮሚሽን ከፍለው የሚቀርዎት 60 ነው። ዋጋው ባይቀነስ ከ250 ላይ 100 ከፍለው 150 ይቀርዎት ነበር። በየሽያጩ እሱ 10 ሲያጣ እርስዎ 90 አጡ።

ኮሚሽኑን ወደ ጥቅል ትርፉ ያዛውሩት። ከ250 ላይ 40 በመቶ ቢሰጡት ያው 100 ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ማንም አይጎዳም። 10 በመቶ ሲቀንስ ግን ድርሻው ወደ 60 ይወርዳል፤ ቅናሹ የእሱም ኪስ ይሰማዋል። (የመጣኙ ከፍታ የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የያዝነው ለማነጻጸር እንዲመች ነው።) ሁለተኛ፣ የሚከፈለው ገንዘቡ ሲገባ ይሁን። በዱቤ ለተሸጠ ዕቃ ግማሹን ሲሸጥ፣ ግማሹን ሲሰበሰብ መክፈልም ያስኬዳል። ሦስተኛ፣ የተመለሰ ዕቃ ከሚቀጥለው ወር ኮሚሽን እንደሚቀነስ ከአሁኑ ጽፈው ያስፈርሙ፤ በኋላ ሲመጣ ቅጣት ይመስላል።

አንድ መመዘኛ እንጨምር፦ ሻጩ የራሱን ኮሚሽን በስልኩ ማስያ በአንድ ደቂቃ ማስላት ካልቻለ፣ ያ ኮሚሽን ማንንም አያነሣሣም። ደግሞም ለሁሉም ነገር ሽልማት አይለጥፉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት «ብትሥሉ ትሸለማላችሁ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፣ በነፃ ጊዜያቸው የመሣል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ላይ ይህ አልታየም። ሠራተኛው በራሱ ፍላጎት የሚሠራውን ሥራ ዋጋ ሲለጥፉበት፣ ዋጋው የቀረ ዕለት ሥራውም ይቀራል።

ጥያቄ፦ ማመስገን ሳበዛ ይላላሉ ብዬ እፈራለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ «ጎበዝ» እያሉ ከሆነ የሚያመሰግኑት፣ ላይላሉ ይችላሉ፤ ምንም ግን አይማሩም። ምኑን መድገም እንዳለበት አያውቅማ። በዚያው ቀን፣ ያደረገውን ጠቅሰው፣ ያስገኘውን ጨምረው ይንገሩት፦ «ዕቃው ሲራገፍ ከደረሰኙ ጋር ስላመሳከርሽ 3 ካርቶን ጎድሎ ተገኘ፤ ሹፌሩም ሳይሄድ ፈረመልን።» ከዚህ ኋላ «ግን…» አይቀጥሉ። እርማት ካለ ሌላ ጊዜ፣ ለብቻ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው የምሠራው። ሦስት ጎበዝ ባለሙያዎች አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ ይሠራሉ፤ ሥራው ግን ሁልጊዜ ይዘገያል። ደንበኛ ሲጮህብኝ እውላለሁ። ባለሙያዎቹም ፊታቸው ጠቁሯል። ተጨማሪ ሰዓት ላሠራቸው?

መልስ፦ ተጨማሪ ሰዓት ከማሰብዎ በፊት መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ይቁጠሩ። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ቀላል ዝምድና አለ፦ ቤት ውስጥ ያለውን የሥራ ብዛት በቀን ለሚጠናቀቀው ሲያካፍሉ አማካይ የቆይታ ጊዜው ይወጣል። 60 ዕቃ ካለና በቀን 10 የሚጠናቀቅ ከሆነ አንድ ዕቃ በአማካይ 6 ቀን ይቆያል። ለደንበኛው «ከነገ ወዲያ ና» ካሉት፣ ክፋት ባይኖርዎትም፣ ዕቃውን ሲቀበሉ ነው ጸቡን የተቀበሉት። ደግሞ እያንዳንዱ ያላለቀ ዕቃ የራሱ «አለቀ ወይ?» የሚል ጥሪ አለው። ስልኩን ለማንሣት ባለሙያው እጁን ከሥራ ያነሣል፤ በቀን የሚጠናቀቀው ከ10 ወደ 9 ይወርዳል፤ ቆይታው ይረዝማል፤ ጥሪው ይበዛል።

ሁለተኛው ነገር ወረፋ ነው። ሥራ በዘፈቀደ ሲመጣና የሚፈጀውም ሰዓት ሲለያይ፣ በቀላሉ የወረፋ ስሌት መሠረት፣ ጊዜው 80 በመቶ የተያዘ አንድ ባለሙያ ጋር የሚመጣ ሥራ ወረፋ የሚጠብቀው የአንድ ጥገናን አማካይ ጊዜ 4 እጥፍ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ 9 እጥፍ ይሆናል፣ 95 በመቶ ሲያዝ 19 እጥፍ። ሦስት ባለሙያ ወረፋውን ሲጋሩ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። ባለሙያው ትንሽ ፋታ እያለው ሲያዩ የሚከፍሉት ደመወዝ የባከነ ይመስልዎታል። ያ ፋታ ግን ወረፋው እንዳይፈነዳ የሚይዘው ነው፤ ተመልሶ የመጣ ጥገናና ያልታሰበ ብልሽት የሚስተናገደው በእሱ ውስጥ ነው።

በተግባር እንዲህ ይጀምሩ። 3 ሰው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ሲሠራ 120 ሰዓት ነው። ለአንድ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ በጥገና ብቻ ያለፈውን ሰዓት ይመዝግቡ፤ መለዋወጫ ፍለጋው፣ ከደንበኛ ጋር ንግግሩና ጽዳቱ ሲወጣ 90 ሊቀር ይችላል። ለደንበኛ ቃል የሚገቡት ከዚያ 80 በመቶውን፣ ማለትም 72 ሰዓቱን ብቻ ነው። ለአንድ ባለሙያ በአንድ ጊዜ የተከፈተ ዕቃ ከ3 አይብለጥ፤ አራተኛውን ለመክፈት አንዱ መዘጋት አለበት። መለዋወጫ የሚጠብቀው ዕቃ ቀን ተጽፎበት በሌላ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ መለዋወጫው እጅዎ ሳይገባ የርክክብ ቀን አይሰጥም።

ቀኑን የሚሰጠው ደግሞ የሚጠግነው ሰው ይሁን። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሐሳብ ሠራተኛን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ብዙ እየተጠየቀ በሥራው ላይ የመወሰን ዕድል ሲያጣ ነው። የእርስዎ ባለሙያዎች ሳያዩት በተሰጠ ቀን ነው ሲወቀሱ የሚውሉት። የፊታቸው መጥቆር ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የደመወዝ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት እነሣና የባንክ ሒሳቤን በስልኬ አያለሁ። ሥራዬ አትራፊ ነው፤ ታዲያ ለምንድን ነው የምጨነቀው?

መልስ፦ ትርፍና በእጅ ያለ ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ። ያተረፉት ደንበኛው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዝ ግን በደረሰኝ አይከፈልም። የባንክ ሒሳቡ ደግሞ የሚነግርዎ ዛሬን ብቻ ነው። ሌሊት የሚያስነሣዎት የሚቀጥለው ወር ነው።

የ13 ሳምንት የገንዘብ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ሦስት ወር መሆኑ ነው። በአግድም ሳምንታቱን ያስቀምጡ። ወደታች ደግሞ የሳምንቱ መነሻ ገንዘብ፣ የሚገባ፣ የሚወጣ፣ የሳምንቱ መድረሻ። መድረሻው የሚቀጥለው ሳምንት መነሻ ይሆናል። በሚወጣው ሥር ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ግብር፣ የብድር ክፍያና አቅራቢዎች ለየብቻ ይጻፉ። ሰዎች የሚሳሳቱት በሚገባው ላይ ነው፤ ደረሰኝ የቆረጡበትን ቀን ይጽፋሉ። እርስዎ ገንዘቡ የሚደርስበትን ይጻፉ። ደንበኛው ያለፉትን ሦስት ክፍያዎች በአማካይ 18 ቀን አዘግይቶ ከከፈለ፣ የሚቀጥለውንም 18 ቀን አዘግይተው ያስገቡት። በየሳምንቱ በአንድ ቀን 30 ደቂቃ ሰጥተው ያለፈውን በእውነተኛው ቁጥር ይተኩና ከመጨረሻው አንድ ሳምንት ይጨምሩ።

ከደንበኛ የሰበሰቡት ተጨማሪ እሴት ታክስ የእርስዎ ገንዘብ አይደለም፤ በገባ ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውሩት። ብዙ ድርጅት የሚሰበረው ይህን ለአቅራቢ ከፍሎ በግብር ቀን ባዶ እጁን ሲገኝ ነው።

ሠንጠረዡ 9ኛው ሳምንት ላይ ጉድለት ካሳየዎት ገና ብዙ በር አለ፦ ከአዲስ ትእዛዝ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ፣ ከአቅራቢ ጋር የክፍያ ቀን መነጋገር፣ ግዢ ማዘግየት፣ የቆየ ዕቃ አውርዶ መሸጥ። ያንኑ ጉድለት 3 ቀን ሲቀረው ካወቁት የቀረዎት በር ብድር ነው፤ እሱም በአበዳሪው ዋጋ።

ስለ እንቅልፉ። ከመተኛትዎ በፊት 5 ደቂቃ ወስደው የነገን ሥራዎች በወረቀት ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ጥናት የሚቀራቸውን ሥራ የጻፉ ሰዎች የጨረሱትን ከጻፉት በ9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ዝርዝሩ በተብራራ መጠንም ቶሎ ተኝተዋል። «ዕዳ» ብለው አይጻፉ፤ «ጠዋት ለእገሌ ደውዬ የሁለተኛውን ክፍያ ቀን መጠየቅ» ይበሉ። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከሰዓት በኋላ የጠጡት ሌሊትም አብሮዎት ነው። ነቅተው 20 ደቂቃ ያህል ካለፈዎት ከአልጋ ይውረዱና በደብዛዛ ብርሃን ተቀምጠው እንቅልፉ ሲመጣ ይመለሱ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።

የደረት ሕመም ካለዎት ቀን ሳይቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ተስፋ መቁረጡና የምንም ነገር ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንት ከዘለቀም እንዲሁ፤ ሠንጠረዥ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቼ ላይ እጮሃለሁ፤ ወዲያው እጸጸታለሁ። ለሁለት ዓመት አንድም ቀን አላረፍኩም። እኔ ከሌለሁ ሁሉም ይበላሻል ብዬ ስለማስብ ነው።

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ከሥራ የሚመጣን መዛል በሦስት ምልክት ገልጾታል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። በሽታ ብሎ ግን አልመደበውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ሦስቱንም ራስዎ ላይ ካዩ ጩኸቱ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይመስለንም።

ለጩኸቱ ቅርቡ መድኃኒት ይህ ነው። ድምፅዎ ከፍ ማለት ሲጀምር «ከ10 ደቂቃ በኋላ እንነጋገር» ብለው ይውጡ፤ ከዚያም በተባለው ሰዓት ይመለሱ፤ ካልተመለሱ ዛቻ ይሆናል። ከጮሁ ደግሞ በሰው ፊት የጮሁትን በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቁ። «የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይበቃል፤ «አናደድከኝ እንጂ» የሚል ቅጥያ ካለው ይቅርታ መሆኑ ይቀራል። የጮሁበትን ቀንና ሰዓት ለአንድ ወር ይመዝግቡ። ሁልጊዜ ምሳ በዘለሉበት ቀን ወይም ሁልጊዜ በወር መጨረሻ ከሆነ፣ መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

ዕረፍቱን በመጠን ይጀምሩት። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሥራ በማይበዛበት ቀን፣ ግማሽ ቀን ስልክዎን ዘግተው ይቅሩ። ከመሄድዎ በፊት አንድ ሰው በስም ወክለው ለሁሉም ይናገሩ፤ ምን ያህል ገንዘብ ማውጣት እንደሚችልም ይጨምሩ። አንድ ወረቀት ይተዉለት፦ «እኔ ስለሌለሁ የቆመ ነገር ሁሉ እዚህ ይጻፍ።» ሲመለሱ ማንንም ሳይወቅሱ ወረቀቱን ያንብቡ። አንዱ መስመር ቁልፍ፣ አንዱ የይለፍ ቃል፣ አንዱ ፊርማ፣ አንዱ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት የአቅራቢ ስልክ ሊሆን ይችላል። በሳምንቱ ሦስቱን ይፍቱና ሙሉ ቀን ይቅሩ። ያኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ካጠረ፣ ቀጣዩ ሙከራ ሦስት ቀን ይሁን።